ባለገመድ የኮንሶል ማዳመጫ

ባለገመድ የኮንሶል ማዳመጫ በራስ ላይ የሚጠለቅ፣ ለሁለቱም ጆሮ ድምፅ የሚያሰማና ወደ አፍ የሚዘረጋ ማይክሮፎን ያለው፣ እንደ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና ኒንቴንዶ ስዊች ካሉ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች (ኮንሶሎች) ጋር በገመድ የሚገናኝ ዕቃ ነው። በተለምዶ «ሄድሴት» ወይም «ማይክ ያለው ሄድፎን» ይባላል። ሙዚቃ ብቻ ከሚያሰማው ተራ ሄድፎን የሚለየው በማይክሮፎኑ እንዲሁም ድምፁንና ማይኩን በአንድነት በሚያገናኘው ባለአራት ክፍል ጃክ ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች በብዛት የሚሸጠው ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ዓይነት ነው። በዲላና በሌሎች የጌዴኦ ዞን ከተሞች ዋነኛ ተጠቃሚዎቹ ተማሪዎችና የፕሌይስቴሽን ቤቶች ናቸው። ለእነዚህ ተጠቃሚዎች ርካሽ ማዳመጫን መገምገም ማለት ከውድ ዕቃ ጋር ማወዳደር ሳይሆን ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው፦ ካለው መሣሪያ ጋር ይሠራል ወይ? ገመዱ ይበረክታል ወይ? ጆሮን ሳይጎዳ ለረጅም ሰዓት ሊደመጥበት ይቻላል ወይ?

ክፍሎቹና አሠራሩ

ማዳመጫው አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም የራስ ቅስቱ፣ የጆሮ ሽፋኖቹ ከነስፖንጃቸው፣ በሽፋኖቹ ውስጥ ያሉት ድምፅ አመንጪዎች (ድራይቨሮች)፣ ማይክሮፎኑና ገመዱ ከነጃኩ ናቸው።

ድምፅ አመንጪው ማግኔት፣ ቀጭን የሽቦ ጥቅልና ከጥቅሉ ጋር የተያያዘ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን የያዘ ነው። ከኮንሶሉ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት በጥቅሉ ውስጥ ሲያልፍ ጥቅሉ በማግኔቱ ኃይል ወደፊትና ወደኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ሽፋኑም አብሮት እየተንቀጠቀጠ አየሩን ይገፋል። ጤናማ ወጣት ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ የሚደርሱ ድምፆችን ይሰማል።

በርካሽ ማዳመጫዎች ላይ የሚገኘው ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሬት የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ማይክ ለመሥራት አነስተኛ ቮልቴጅ ያስፈልገዋል፤ ቮልቴጁንም የሚያገኘው በዚያው ጃክ በኩል ከጆይስቲኩ ወይም ከስልኩ ነው። ስለዚህ ባለገመዱ ማዳመጫ የራሱ ባትሪ የለውም፣ ቻርጅም አይደረግም።

ታሪክ

የጃክ ታሪክ ከጨዋታ በጣም ይቀድማል። 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትልቁ ጃክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ኦፕሬተሮች ደዋዮችን ለማገናኘት ይጠቀሙበት የነበረ ነው። አሜሪካዊው ናትናኤል ባልድዊን እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በዩታ ግዛት የሠራቸውን ማዳመጫዎች ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያቀርብ ነበር። ጆን ኮስ እ.ኤ.አ. በ1958 ለሙዚቃ የሚሆን የስቴሪዮ ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። አሁን የሚታወቀው 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ በዓለም ዙሪያ የተለመደው ደግሞ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማንን ካወጣ በኋላ ነው።

በኮንሶል ጨዋታ ማይክ ያለው ማዳመጫ በስፋት የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ ላይቭን አገልግሎት ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት የኮንሶል ጨዋታ ድምፅ በአመዛኙ ከቴሌቪዥኑ የሚሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በጆይስቲኩ ላይ የ3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይዞ መጣ፤ በካርቶኑ ውስጥም ለአንድ ጆሮ ብቻ የሚሆን ባለማይክ ማዳመጫ ይገኝ ነበር። ይህ ለውጥ ለዝቅተኛ ዋጋው ገበያ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ለስልክ የተሠራ ተራ ኢርፎን እንኳ ሳይቀር ከኮንሶል ጋር መሥራት ጀመረ።

ከኮንሶሎች ጋር ያለው ግንኙነት

ፕሌይስቴሽን 2ና ፕሌይስቴሽን 3 በጆይስቲካቸው ላይ የጃክ ቀዳዳ የላቸውም። በእነዚህ የሚጫወት ሰው የጨዋታውን ድምፅ በባለጃክ ማዳመጫ መስማት ከፈለገ ያለው ቀላሉ መንገድ የቴሌቪዥኑን የማዳመጫ ቀዳዳ መጠቀም ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ማይኩ አይሠራም።

ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ድምፁ ከኮንሶሉ ወደ ጆይስቲኩ ያለገመድ ይሄድና ከጆይስቲኩ በገመድ ወደ ማዳመጫው ይደርሳል። ኮንሶሉ ከፋብሪካ ሲወጣ በማዳመጫው የሚያሰማው የተጫዋቾችን ንግግር ብቻ ነው። በመሆኑም ማዳመጫውን ሰክቶ የጨዋታውን ድምፅ ያጣ ሰው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው በሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ»፣ ቀጥሎ «ኦዲዮ ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ «አውትፑት ቱ ሄድፎንስ» በሚለው ሥር «ኦል ኦዲዮ» የሚለውን መምረጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በጆይስቲኩ ላይ ከጃክ ቀዳዳው በተጨማሪ የራሱ ማይክና የማይክ ማጥፊያ ቁልፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲኮች የጃክ ቀዳዳ ስላልነበራቸው ለብቻው የሚሸጥ አገናኝ ያስፈልጋቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የተሠሩት ግን ቀዳዳው አላቸው። ኒንቴንዶ ስዊች ቀዳዳው የሚገኘው በራሱ በኮንሶሉ ላይ ነው።

ባለገመድ ማዳመጫ ባትሪ ባይኖረውም የሚጠቀመው ከጆይስቲኩ ባትሪ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ባትሪ 1,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ የፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 1,560 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል። ማዳመጫ ሲሰካ፣ በተለይም ድምፁ ከፍ ሲደረግ፣ ባትሪው ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል።

በዲላና በጌዴኦ ዞን

ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ትገኛለች። ዞኑ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። በይርጋጨፌ ቡናው የሚታወቅ ሲሆን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሌጅነት ተጀምሮ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የሚመጡ ተማሪዎችን ያስተናግዳል።

እንደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በዲላም የኮንሶል ጨዋታ የሚታወቀው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ተጫዋቹ በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፍላል፤ በብዛት የሚመረጠውም የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ተጋጣሚው እዚያው አጠገብ ስለሚቀመጥ ለመነጋገር ማይክ አያስፈልግም። ማዳመጫው የሚፈለገው በሌላ ምክንያት ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ስክሪኖች በአንድነት ሲጮኹ የራስን ጨዋታ ድምፅ ለይቶ ለመስማት።

በቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የሚጫወት ሰው ፍላጎት የተለየ ነው። እርሱ የሚፈልገው ሌላውን ሳይረብሽ መጫወት ነው፤ ያንኑ ማዳመጫ ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ለትምህርት ቪዲዮ፣ ለጥሪና ለሙዚቃም ይጠቀምበታል። በኢንተርኔት ከሩቅ ሰው ጋር ለሚጫወተው ደግሞ ማይኩ ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ መለያ በይፋ ከሚሰጥባቸው አገሮች መካከል ስላልሆነች በኢንተርኔት የሚጫወቱ ኢትዮጵያውያን የሌላ አገር መለያ መክፈት የተለመደ ነው።

ዕቃው ወደ ዞኑ የሚደርሰው በአመዛኙ ከአዲስ አበባ መርካቶ ወይም 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከሐዋሳ ነው። ማዳመጫ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ብር በዶላር አንጻር ብዙ ዋጋ አጥቷል። በመሆኑም በዓለም ገበያ «ርካሽ» የሚባለው ዕቃ ለተማሪ ርካሽ ላይሆን ይችላል። የተሳሳተ ምርጫም እንዲሁ በቀላሉ የሚተካ ኪሳራ አይደለም፤ ሩቅ ከተማ ለተገዛ ዕቃ የመመለሻ ወጪው አንዳንዴ የዕቃውን ዋጋ ያህላል።

የግምገማ መስፈርቶች

የጃኩ ዓይነት

የመጀመሪያው መስፈርት ጃኩ ነው፤ ይህ ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ጃኩ ላይ ያሉት ጥቋቁር ቀለበቶች ይቆጠራሉ። ሦስት ቀለበት ያለው ባለአራት ክፍል ሲሆን ለግራ ድምፅ፣ ለቀኝ ድምፅ፣ ለጋራ መመለሻና ለማይክ ያገለግላል። ሁለት ቀለበት ያለው ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ ማይክ አያስተላልፍም።

አንዳንድ ማዳመጫዎች ለኮምፒዩተር ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሁለት ጃክ ይኖራቸዋል፤ አንዱ አረንጓዴ (ለድምፅ)፣ ሌላው ሮዝ (ለማይክ)። እነዚህን ከጆይስቲክ ጋር ለመጠቀም ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣ አገናኝ ገመድ ያስፈልጋል፤ የእርሱ ዋጋ ከማዳመጫው ዋጋ ጋር መደመር አለበት።

ባለአራት ክፍሉ ጃክም ሁለት ዓይነት አሰላለፍ አለው። አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮንሶሎች የሚጠቀሙበት ሲቲአይኤ የሚባለው ነው። ኦኤምቲፒ በሚባለው የቆየ አሰላለፍ ግን የማይኩና የመመለሻው ቦታ ተለዋውጧል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚታየው ምልክት የተለየ ነው፦ ድምፁ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደሚሰማ ይሆናል፤ በእግር ኳስ ጨዋታ የተንታኙ ንግግር ይጠፋና የደጋፊው ጩኸት ብቻ ይቀራል። ምክንያቱ መመለሻው በትክክል ስለማይገናኝ በግራና በቀኝ እኩል የሆነው ድምፅ እርስ በርሱ መጠፋፋቱ ነው። ጃኩ እስከ ውስጥ ድረስ ሳይገባ ሲቀርም ያው ምልክት ይታያል፤ ስለዚህ ዕቃው መጥፎ ነው ከማለት በፊት ጃኩን አጥብቆ መሰካት ይገባል።

ምቾት

ታዋቂ ከሆኑት ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ማዳመጫዎች መካከል ሃይፐርኤክስ ክላውድ ስቲንገር 275 ግራም፣ ሬዘር ክራከን ኤክስ 250 ግራም ይመዝናሉ። እነዚህ ቁጥሮች ለማነጻጸሪያ ይጠቅማሉ፤ ከ350 ግራም የሚበልጥ ማዳመጫ በረጅም ጨዋታ አንገትና አናት ላይ ይከብዳል። ከክብደቱ እኩል የሚታየው የመጫን ኃይሉ ነው። በጣም የሚጫን ማዳመጫ መነጽር የሚያደርግን ሰው ጆሮ ሥር ያሳምማል፤ የላላው ደግሞ ራስ ዝቅ ሲል ይወድቃል። የፀጉር አሠራርም መታሰብ አለበት፤ ሹሩባ ወይም ከፍ ያለ ፀጉር ያለው ሰው ቅስቱ በበቂ ሁኔታ የሚረዝም መሆኑን ለክቶ ማየት ይኖርበታል።

የጆሮ ሽፋኑ ጆሮን በሙሉ የሚያቅፍ ቢሆን ይመረጣል። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ትንሹ ዓይነት ቀላል ቢሆንም ከአንድ ሰዓት በኋላ የጆሮን ልብስ ያሳምማል። የሰው ሠራሽ ቆዳ ሽፋን ሙቀትና ላብ ይይዛል፣ በጊዜ ብዛትም ይላጣል፤ የጨርቅ ሽፋን ይተነፍሳል፣ ግን የውጭ ድምፅ በይበልጥ ያስገባል።

የውጭ ድምፅን መከልከል

ይህ መስፈርት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ፣ ነገር ግን ጫጫታ ላለበት ቦታ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሽፋኑ በደንብ ከገጠመ የውጭው ድምፅ ይቀንሳል፤ ተጫዋቹም ዝቅ ባለ ድምፅ ይረካል። ካልገጠመ ተጫዋቹ ጫጫታውን ለመሸፈን ድምፁን ይጨምራል። ስለሆነም ደካማ ስፖንጅ የምቾት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ይሆናል። በሌላ በኩል ሁለት ጆሮውን የደፈነ ሰው የራሱን ድምፅ በደንብ ስለማይሰማ ሳያውቀው ይጮኻል፤ በማደሪያ ክፍል ለሚጫወት ይህም ሊታሰብ የሚገባው ነው።

የድምፅ ጥራትና አቅጣጫ

ጥሩ ርካሽ ማዳመጫ ንግግርን ጥርት አድርጎ ያሰማል፣ ከባዱ ድምፅ (ቤዝ) ሌላውን አይውጠውም፣ ቀጭኑም ድምፅ ጆሮ አይወጋም። ርካሽ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉድለት ቤዙ ከልክ በላይ መብዛቱ ነው። በሱቅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲሰማ ያስደስታል፤ በጨዋታ ውስጥ ግን ፍንዳታው የእግር ኮቴን ይሸፍናል።

የአቅጣጫ ስሜት አስፈላጊነቱ በጨዋታው ዓይነት ይወሰናል። እንደ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ባሉ የተኩስ ጨዋታዎች ኮቴው ከግራ ይሁን ከኋላ መለየት ውጤት ይቀይራል። በእግር ኳስ ጨዋታ ሜዳው በሙሉ በስክሪን ላይ ስለሚታይ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ኳስ ብቻ የሚጫወት ሰው ለአቅጣጫ ድምፅ ተጨማሪ ገንዘብ ባያወጣ የሚቀርበት ነገር የለም፤ ያንን ገንዘብ ለጠንካራ ገመድና ለምቹ ስፖንጅ ቢያውለው ይሻላል።

ሁለት ማዳመጫዎች ሲወዳደሩ በተመሳሳይ የድምፅ መጠን መሰማት አለባቸው። የሰው ጆሮ በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» አድርጎ የመስማት ዝንባሌ ስላለው፣ ይህ ካልተጠበቀ ንጽጽሩ ያሳስታል።

ማይክሮፎኑ

ማይክ የሚፈተነው በመቅዳት ነው። የራስን ድምፅ ቀድቶ መልሶ መስማት ሌላ ሰው ምን እንደሚሰማ ያሳያል። ለአማርኛ ተናጋሪ ጠቃሚው ፈተና ጠንካራ ድምፆችን የያዙ ቃላትን መናገር ነው፦ «ጠጠር»፣ «ጨጨብሳ»፣ «ጴጥሮስ»። ደካማ ማይክ እነዚህን ፊደላት እንደ ኳኳታ ያሰማቸዋል። «ፓፓያ» እና «ፖሊስ» ሲባል ንፋስ የሚመስል ድምፅ ከተቀዳ ማይኩ ከአፍ ትንሽ ወደ ጎን መዞር ወይም ስፖንጅ መልበስ ያስፈልገዋል። «ሰ» እና «ሸ» ተለይተው ካልተሰሙ ማይኩ ቀጭኑን ድምፅ እየቆረጠ ነው ማለት ነው።

ጥንካሬ

ባለገመድ ማዳመጫ በብዛት የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው፤ ገመዱ ከጃኩ ጋር በሚገናኝበትና ወደ ጆሮ ሽፋኑ በሚገባበት ሥፍራ። በሁለቱም ቦታ ገመዱ እንዳይሰበር የሚደግፍ የሚተጣጠፍ የጎማ ሽፋን መኖር አለበት። ጆይስቲክ ላይ የሚሰካ ቀጥ ያለ ጃክ ከጉልበትና ከጠረጴዛ ጋር ስለሚጋጭ በማዕዘን የታጠፈው ይበረክታል። ለጆይስቲክ 1.2 ሜትር ገደማ ገመድ ይበቃል፤ ከ2 ሜትር የሚበልጠው መሬት ላይ እየተጎተተ ይረገጣል። ገመዱ ከማዳመጫው የሚነቀል ከሆነ ሲበላሽ ገመዱን ብቻ መተካት ይቻላል፤ ይህ በርካሽ ዕቃ ላይ ሲገኝ ትልቅ ብልጫ ነው።

በማሸጊያ ላይ የሚጻፉ ቃላት

«7.1 ሰራውንድ» የሚለው ጽሑፍ በ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ብቻ በሚሠራ ማዳመጫ ላይ ሲገኝ በጥርጣሬ መታየት አለበት። በዚያ ጃክ ውስጥ የሚያልፉት ሁለት የድምፅ መስመሮች ብቻ ናቸው። የዙሪያ ድምፅ ስሜትን የሚፈጥረው የኮንሶሉ ወይም የጨዋታው ስሌት ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 የራሱን የሦስት አቅጣጫ ድምፅ በማንኛውም ባለገመድ ማዳመጫ ማሰማት ይችላል፤ ኤክስቦክስም ዊንዶውስ ሶኒክን ያለክፍያ ያቀርባል።

በመብራት የደመቁ ማዳመጫዎች ብዙ ጊዜ ከጃኩ ሌላ የዩኤስቢ ገመድ አላቸው። በብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች ዩኤስቢው የሚያገለግለው ለመብራቱ ኃይል ለመስጠት ብቻ ነው፤ ድምፅ አያስተላልፍም። ባይሰካም ማዳመጫው ይሠራል። መብራቱ በጨዋታው ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

«50 ሚሊ ሜትር ድራይቨር» መጠንን እንጂ ጥራትን አይገልጽም፤ በደንብ የተሠራ 40 ሚሊ ሜትር በመጥፎ ከተሠራ 50 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። «20–20,000 ኸርዝ» የሚለውም በሁሉም ማሸጊያ ላይ ስለሚጻፍ ለመምረጥ አይረዳም። ከቁጥሮቹ ሁሉ ጠቃሚው ኢምፒዳንስ የሚባለው ሲሆን የሚለካው በኦም ነው። ከ16 እስከ 32 ኦም ያለው በጆይስቲክ በቂ ድምፅ ያገኛል፤ ቁጥሩ በጣም ከፍ ሲል ድምፁ ሊያንስ ይችላል።

በሱቅ የሚደረግ ፍተሻ

ሱቁ ኮንሶል ባይኖረውም የጃክ ቀዳዳ ያለው ስልክ ለአብዛኛው ፍተሻ ይበቃል፤ የአዳዲስ ስልኮች አሰላለፍ ከጆይስቲኩ ጋር አንድ ነውና። ፍተሻው በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊከናወን ይችላል፦

1. የጃኩን ቀለበቶች መቁጠር፤ ሦስት መሆናቸውን ማረጋገጥ።
2. ንግግር ያለበትን ቪዲዮ መክፈትና የተናጋሪው ድምፅ ከመሃል፣ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ማየት።
3. የግራና የቀኝ ድምፅ መለያ ቅጂ ከፍቶ ሁለቱም ጆሮ እኩል መስማቱንና «ግራ» የሚለው ምልክት ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ።
4. ድምፁ እየተሰማ ገመዱን በጃኩና በጆሮ ሽፋኑ አጠገብ በቀስታ ማጠፍ፤ መቆራረጥ ወይም መንቋቋት ካለ አለመግዛት።
5. የድምፅ ማስተካከያውን ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞር፤ በመሃል አንዱ ጆሮ ቢጠፋ ጎማው ደካማ ነው።
6. ድምፅ መቅጃ ከፍቶ በማይኩ መናገርና መልሶ መስማት፤ የማይክ ማጥፊያውንም መሞከር።
7. ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ራስ ላይ አድርጎ መቆየት።
8. የመመለሻውን ሁኔታና ቀን በደረሰኝ ላይ ማስጻፍ።

ሐሰተኛ የታዋቂ ምርቶች ቅጂዎች በገበያ ላይ ይገኛሉ። በስሙ ላይ የፊደል ስህተት፣ የደበዘዘ ኅትመትና የመለያ ቁጥር አለመኖር ከሚታዩት ምልክቶች ናቸው። ሆኖም ስም የሌለው ዕቃ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በግልጽ ርካሽ የሆነና ፍተሻውን ያለፈ ማዳመጫ፣ በታዋቂ ስም በውድ ከሚሸጥ ቅጂ ይሻላል።

ብልሽትና ጥገና

በአንድ ጆሮ ብቻ መሰማት፣ ገመዱ ሲነካ መቆራረጥና የማይክ መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከተሰበረ ገመድ ወይም ከተበላሸ ጃክ ነው። ማዳመጫውን ከመፍታት በፊት በሌላ ስልክ ላይ መሞከር ይገባል፤ ጥፋቱ የጆይስቲኩ ቀዳዳ ሊሆን ይችላልና። በቀዳዳው ውስጥ የተጠራቀመ አቧራም ጃኩ ጠልቆ እንዳይገባ ያደርጋል።

ጃክ መቀየር በማንኛውም የሞባይልና የሬዲዮ ጥገና ቤት የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው። ገመዱ ከተሰበረበት በላይ ይቆረጥና አዲስ ባለአራት ክፍል ጃክ ይበየድበታል። በገመዱ ውስጥ ያሉት ስስ ሽቦዎች ቀለም መሰል መከላከያ ስለተቀቡ ከመበየዳቸው በፊት ጫፋቸው መፋቅ ወይም በሙቀት መጽዳት አለበት። በብዙ ገመዶች ቀይ ለቀኝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ለግራ፣ የመዳብ ቀለም ያለው ለመመለሻ ያገለግላል፤ ነገር ግን ሁሉም ፋብሪካ ይህን ስለማይከተል በቴስተር መለየት ይመረጣል። ጥገናው የሚያዋጣው ድምፅ አመንጪዎቹ ጤነኛ ሲሆኑ ነው፤ ድምፁ ከተቀደደ መለወጫ ከማግኘት አዲስ መግዛት ይቀላል።

የጆሮ ጤና

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጡት መለኪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት፣ ለሕፃናት ደግሞ 75 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ለአዋቂ በሳምንት የሚፈቀደው፦

በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት
በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት
በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት
በ92 ዴሲቤል 2 ሰዓት ተኩል
በ95 ዴሲቤል 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ ምልክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። በሰው ላይ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ስለዚህ በጩኸት የጠፋ የመስማት ኃይል በሕክምና አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2024 ቢኤምጄ ፐብሊክ ኸልዝ በተባለው መጽሔት የወጣና በ9 አገሮች ከ50,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍ፣ የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቾች የሚሰሙት ድምፅ ብዙ ጊዜ ወደ አደገኛው መጠን እንደሚጠጋ ወይም እንደሚያልፈው አመልክቷል።

ተራ ተጠቃሚ ዴሲቤል መለኪያ ባይኖረውም ቀላል ምልክቶች አሉ። ድምፁን ከከፍተኛው መጠን ከ60 በመቶ አለማሳለፍ፣ በየሰዓቱ ጆሮን ማሳረፍ፣ እንዲሁም በአንድ ሜትር ርቀት ያለ ሰው በተለመደ ድምፅ ሲናገር መስማት መቻሉን ማረጋገጥ ይመከራል። ከጨዋታ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚያንጫርር ድምፅ መስማት ወይም የሰው ንግግር መደብዘዝ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፤ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የጋራ አጠቃቀምና ንጽሕና

በፕሌይስቴሽን ቤት አንድ ማዳመጫ በቀን ብዙ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ላብና የቆዳ ቅባት በስፖንጁ ላይ ይጠራቀማሉ፤ የቆዳና የጆሮ ቀዳዳ ኢንፌክሽን እንዲሁም ቅማል ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ለጋራ አገልግሎት የሚገዛ ማዳመጫ ስፖንጁ የሚወልቅና በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ መሆን አለበት። ማይኩም ከአፍ የሚወጣ እርጥበት ስለሚያርፍበት መጽዳት ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የጨርቅ ሽፋን ለግል፣ የሰው ሠራሽ ቆዳ ሽፋን ለጋራ ይመረጣል። ድምፅ የሚጨምረው እያንዳንዱ ተጫዋች በመሆኑ ባለቤቱ በኮንሶሉ ሴቲንግ ውስጥ የድምፁን መጠን አስቀድሞ ዝቅ ማድረጉ በተለይ ለሕፃናት ይጠቅማል።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ሲነጻጸር

ገመድ አልባ ማዳመጫ ከገመድ መጠላለፍ ያድናል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ይላል፣ ባትሪው በጊዜ ብዛት ይደክማል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታም ቻርጅ ማድረግ ችግር ይሆናል። ፕሌይስቴሽን 4ና 5 ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫዎችን በቀጥታ ስለማይቀበሉ ለስልክ የተገዛ ገመድ አልባ ኢርፎን ለእነርሱ ያለ ተጨማሪ አገናኝ አይሆንም።

ከስልክ ጋር የሚመጣ ባለማይክ ኢርፎን ከሁሉ የሚቀርበው አማራጭ ነው። የውጭ ድምፅ በሚገባ አይከለክልም፣ ገመዱም ቀጭን ነው፤ ጸጥ ባለ ክፍል ለሚጫወት ግን ንግግሩም ድምፁም ይበቃል። በእጁ ጤነኛ ኢርፎን ያለው ተማሪ አዲስ ማዳመጫ ከመግዛቱ በፊት ያንኑ በጆይስቲኩ ላይ ሰክቶ ቢሞክር፣ የጎደለው ነገር ድምፅ፣ ማይክ ወይም ምቾት መሆኑን ያውቃል፤ ገንዘቡንም ለጎደለው ነገር ያወጣል።